ትሬለርን በጆሮ ማየት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጥበብ ገጻችሁ ገና ለእይታ ያልበቁ ፊልሞችን በትሬለራቸው መመዘን አብዝቷል። «ታሪኩ ፈጣን ነው»፣ «ማጀቢያ ሙዚቃው ልብ ይሰርቃል»፣ «ልብ አንጠልጣይ ፊልም እየመጣ ነው» ይባላል፤ ጸሐፊው ያየው ግን ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ፍጥነቱ ትሬለሩን የቆረጠው ኤዲተር ፍጥነት ነው። ሙዚቃው ፊልሙ ውስጥ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ልብ ያንጠለጠለውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ከባድ ድምፅ በፊት ሆን ተብሎ የተተወ የአንድ ሰከንድ ዝምታ ነው። አንባቢዎቻችሁ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቁ የሚደነቁበትም የሚጠራጠሩበትም ቦታ ይቀየራል በሚል ይህን ጽፌያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። ትሬለር ማለት ተሳቢ ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለው ተሳቢ የሚጠራበት ቃል ራሱ። የመጀመሪያዎቹ የፊልም ማስታወቂያዎች ከዋናው ፊልም በኋላ ስለሚታዩ ነው እንዲህ የተባሉት። በ1913 የማርከስ ሎው ቲያትር ቤቶች የማስታወቂያ ኃላፊ የነበረው ኒልስ ግራንሉንድ በብሮድዌይ ለሚታይ ሙዚቃዊ ተውኔት አጭር ፊልም አዘጋጅቶ በሲኒማ ቤቶቹ አሳየ፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ ተነሥቶ እየሄደ ስላስቸገረ ማስታወቂያው ወደ ፊት ተዛወረ፤ ስሙ ብቻ ከኋላ ቀረ። ከ1919 ጀምሮ ደግሞ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለው ድርጅት የአሜሪካን ትሬለሮች ለአሥርት ዓመታት እያዘጋጀ ሲያከፋፍል ኖሯል። ከዚያ ወግ ያፈነገጡም ነበሩ። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ለ«ሳይኮ» ባሠራው ትሬለር ከስድስት ደቂቃ በላይ ራሱ በፊልሙ ቤት ውስጥ እየተዘዋወረ፣ እንደ አስጎብኚ እየቀለደ፣ ከፊልሙ አንድም ትዕይንት ሳያሳይ ተመልካቹን አስፈራርቷል። ዛሬ ስድስት ደቂቃ የሚሰጥ የለም። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ማኅበር የሲኒማ ቤት ትሬለርን በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ወስኖ ቆይቷል፤ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ በ2014 መጀመሪያ ወደ 2 ደቂቃ እንዲያጥርና ፊልሙ ከመውጣቱ ከ150 ቀን በላይ ቀድሞ እንዳይታይ በውዴታ የሚፈጸም መመሪያ አውጥቷል።

አሁን ወደ ሥራው። ኤዲተሩ እጅ የሚገባው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ያላለቀ ነው፤ የኮምፒውተር ምስሎቹ አልገቡም፣ ቀለሙ አልተስተካከለም፣ ሥሩ ያለው ሙዚቃ ጊዜያዊ ነው። ቲዘር (ከሙሉው ትሬለር ቀድሞ የሚወጣ አጭር ማስታወቂያ) ሲሆን ደግሞ ቀረጻው ራሱ ሳያልቅ የተላኩ ጥሬ ሾቶች (ካሜራው ሳያቋርጥ የቀረጻቸው ቁራጮች) ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ኤዲተሩ መጀመሪያ የሚለቅመው ምልልስን ነው። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እየሰማ፣ ከታሪኩ ተነጥሎ ብቻውን መቆም የሚችለውን ያወጣል። የሚፈለገው ዐረፍተ ነገር አጭር ነው፣ ተመልካቹ የማያውቀው ስም የለበትም፣ ጥያቄ ወይም ውሳኔ ያዘለ ነው። «ወንድምሽ ትናንት ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ አክስትሽ ቤት ሄዷል» የሚለው ፊልሙ ውስጥ የግድ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ለትሬለር ግን ሸክም ነው። «ተመልሷል» የሚለው አንድ ቃል ወርቅ ነው። ማን? ከየት? ለምን? ሦስት ጥያቄ በአንድ ቃል።

የተለቀሙት ዐረፍተ ነገሮች ያለ ምስል በተርታ ይሰካሉ፤ ልክ እንደ ሬዲዮ ድራማ። ዓይን ተጨፍኖ ሲሰማ ማን ምን እንደሚፈልግና ምን እንደከለከለው ካልገባ፣ ምስል ቢጨመርበትም አይድንም። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ያማሩ ሾቶችን ቀድመው ይደረድሩና ምልልሱን በላዩ ላይ ያለብሱታል። ውጤቱ ዓይን የሚማርክ፣ ግን ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ስለምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ይሆናል።

ምልልስ ሲለቀም ሌላም ችግር አለ። ንግግሩ፣ ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ተለያይተው ካልተላኩ፣ ከንግግሩ ሥር ያለው ሙዚቃ አብሮ ይቆረጣል። ጆሮ በዜማ መካከል የተቆረጠ ኖታን ወዲያው ያውቀዋል፤ ምን እንደተበላሸ ባያውቅም «አንድ ነገር ተሰብሯል» ይላል። ስለዚህ ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ድምፆቹ በየብቻቸው እንዲመጡለት ነው። ይህን ሳይጠይቅ ሥራ የጀመረ፣ በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከዚያ ዐረፍተ ነገሮችን የመቀጣጠሉ ሥራ ይመጣል። በአንድ ትዕይንት ላይ ገጸ ባሕርዩ «ሁሉንም ነግሬሃለሁ» ይላል፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሌላ ትዕይንት «ከአንድ ነገር በስተቀር» ይላል፤ በትሬለሩ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። ይህ እንዲሳካ የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ድምፁ መውረድ የለበትም። ተናጋሪ ሐሳቡን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ካለ ዐረፍተ ነገሩ ተዘግቷል፣ ቅጣዩም ያስታውቃል። ስለዚህ ኤዲተሩ ድምፁ ከፍ እንዳለ የቀረበትን የቀረጻ ድግግሞሽ ይፈልጋል፤ ካጣ በመካከል የበር መዘጋት፣ የትንፋሽ ድምፅ ወይም አንድ ከባድ ምት አስገብቶ ስፌቱን ይሸፍናል። ምስሉ ላይ ደግሞ የተናጋሪው አፍ እንዳይታይ ያደርጋል። በትሬለር ውስጥ ንግግር እየተሰማ ማያ ገጹ የሰውየውን ጀርባ፣ የሚያዳምጠውን ሰው ፊት ወይም የመንገድ መብራት ካሳያችሁ፣ ምናልባት ስፌት እያያችሁ ነው። ሩሲያዊው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያንኑ የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሌላ ምስል ጋር እያፈራረቀ ሲያሳይ ተመልካቹ ፊቱ ላይ የተለያየ ስሜት አየሁ ማለቱ ይነገራል። ትሬለር ይህንኑ በደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ያደርገዋል፤ የማን ንግግር ለማን እንደተባለ የሚወስነው ቀጥሎ የሚታየው ፊት ነው።

ሙዚቃውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። የፊልሙ አቀናባሪ ሥራውን የሚጀምረው ፊልሙ ከሞላ ጎደል ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ትሬለሩ ግን ከወራት በፊት መውጣት አለበት። ስለዚህ ሙዚቃው ከሌላ ይመጣል፦ ለትሬለር ብቻ ከሚያዘጋጁ ድርጅቶች ክምችት፣ ከታወቀ ዘፈን፣ ወይም ከሌላ ፊልም። በ2002 የ«ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ሁለተኛ ክፍል ትሬለር ላይ የተሰማውና ብዙዎች የፊልሙ አድርገው ያሰቡት ሙዚቃ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለወጣ ፍጹም የተለየ ፊልም ተሠርቶ በትልቅ ኦርኬስትራና መዘምራን እንደገና የተዘጋጀ ነበር። ማጭበርበር ልንለው አንችልም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። «ማጀቢያ ሙዚቃው ልብ ይሰርቃል» ብሎ በፊልሙ ስም የሚጽፍ ግን አንድን ሰው በሌላ ሰው ሥራ እያመሰገነ ነው።

ለትሬለር የሚዘጋጅ ሙዚቃ ከተራ ሙዚቃ የሚለየው አሠራሩ ላይ ነው። ሲላክ ከበሮው፣ አውታሩ፣ መዘምራኑ፣ ከባዱ ምት ሁሉ በየፊናው ነው፤ ኤዲተሩ አንዱን ይቀንሳል፣ አንዱን ያዘገያል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፤ ጸጥ ያለ መግቢያ፣ ምት የያዘ መካከለኛ፣ ሁሉም አብሮ የሚጮህበት መጨረሻ። በክፍሎቹ መካከል ድንገተኛ ማቆሚያ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ይቀመጣል። ትሬለሩን ስታስታውሱ የምታስታውሱት ያንን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከሌሎቹ የተሻለ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፣ በዙሪያው ሌላ ድምፅ ስላልነበረ ነው።

የታወቀ ዘፈንን አዘግይቶ በመዘምራን ወይም በአንዲት ሴት ቀጭን ድምፅ ማዘፈን ከ2010 ወዲህ ልማድ ሆኗል። የዚያ ዓመት «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ትሬለር የቤልጅየም የልጃገረዶች መዘምራን ያዜሙትን የሬዲዮሄድ ባንድ «ክሪፕ» የተባለ ዘፈን ተጠቅሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ተጨናነቀ። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተመልካቹ ዜማውን ያውቀዋል፣ ግን ወዲያው አይለየውም፤ ለአሥር ሰከንድ ያህል «ይህን የት ነው የማውቀው?» እያለ ትኩረቱን ይሰጣል። ሲለየው ደስ ይለዋል፤ ደስታውም ለፊልሙ ይቆጠራል። ዛሬ ግን ብልሃቱ በመደጋገሙ ተሟጧል፤ ዘገምተኛ ፒያኖና የሹክሹክታ ድምፅ ሲሰማ ተመልካቹ ፊልሙን ሳይሆን ልማዱን ነው የሚለየው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ዝምታ ነው፤ ምክንያቱም ዝምታ በሒሳብም ይጠቅማል። ትሬለሮች እጅግ እየጮሁ የሲኒማ ቤት ተመልካች ሲያማርር፣ የአሜሪካ ኢንዱስትሪ የድምፅ ጣሪያ አበጀ፤ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)። ልኬቱ ግን የአንድ ቅጽበት ጩኸት አይደለም፤ በትሬለሩ ጠቅላላ ርዝመት የሚሰላ የኃይል አማካይ ነው። አማካይ ባለበት ቦታ ሁሉ መላ አለ። የትሬለሩ ግማሽ ፍጹም ጸጥ ቢል፣ የቀረው ግማሽ ጣሪያውን ሳይነካ በ3 ዴሲቤል ከፍ ማለት ይችላል። ስለዚህ ጥቁር ማያ ገጽ ላይ የሚተወው ዝምታ ሁለት ዋጋ አለው፦ የተመልካቹን ጆሮ ይስለዋል፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ምት ደግሞ ተጨማሪ ጩኸት ይገዛለታል። ይህን ያላወቀ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጮህ ነገር ይሠራል፤ አማካዩ ከጣሪያው ሲያልፍ ሁሉም አብሮ ይቀነስበትና ትልቁ ምት ከተራ ንግግር የማይለይ ይሆናል።

ከምቱ በፊት እየወጣ የሚሄደው ድምፅስ? እሱም ሳይንስ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮጀር ሼፐርድ በ1964 ያሳየው የጆሮ ማታለያ አለ፦ በኦክታቭ (አንዱ የሌላው እጥፍ ከፍታ እየሆነ) የተራራቁ በርካታ ድምፆች አብረው ይወጣሉ፤ ከላይ ያለው እየደከመ ሲጠፋ ከሥር አዲስ ድምፅ ቀስ ብሎ ይገባል። ጆሮ ማቆሚያ የሌለው ዳገት ይሰማል። ውጥረት ለመፍጠር ከዚህ የበለጠ ርካሽ መሣሪያ የለም፤ ታሪክ አያስፈልገውም፣ ተዋናይ አያስፈልገውም። እየወጣ ያለው ድምፅ ድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚመጣውን ይጠብቃል።

ከባዱ ምት በትልቅ አዳራሽ ደረት ይመታል፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ግን ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ከሞላ ጎደል አያሰማም። በአዳራሽ ያስደነገጠ ትሬለር በስልክ ላይ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው በምቱ ላይ ከፍ ያሉ ንብርብሮችን መጨመር ነው፤ የብረት ጩኸት፣ የእንጨት ስብራት። ጆሮ የላይኞቹን ድምፆች ሲሰማ የሌለውን የታችኛውን ራሱ ያሟላል። ስለዚህ አንድ ትሬለር ሲጠናቀቅ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደባለቃል፤ ለአዳራሹና ለስልኩ። አንዱን ለሌላው የሚልክ ሰው ሥራውን ራሱ ያበላሻል።

የምስሉ ነገር በአንጻሩ ቀላል ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ የ140 ሰከንድ ትሬለር 3,360 ፍሬም አለው ማለት ነው። መቶ ሾት ቢኖረው አማካዩ 1.4 ሰከንድ ነው፤ ነገር ግን ምልልስ ያለባቸው ሾቶች ሦስትና አራት ሰከንድ ስለሚወስዱ፣ በመጨረሻው ሩጫ ላይ ያሉት 8 ወይም 10 ፍሬም ብቻ ይደርሳቸዋል። እዚህ ላይ የዓይን ፍጥነት ገደብ ይሆናል። ዓይን አዲስ ነገር ወዳለበት ለመዞር አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 5 ፍሬም ያህል ይፈጅበታል። አንዱ ሾት ላይ ፊቱ በግራ ጥግ፣ ቀጣዩ ላይ በቀኝ ጥግ ከሆነና እያንዳንዱ 6 ፍሬም ከቆየ፣ ዓይን ሲደርስ ሾቱ ሄዷል፤ ተመልካቹ ምንም አላየም። ስለዚህ በፈጣኑ ክፍል ላይ ዋናው ነገር በማያ ገጹ መካከል እንዲውል ሾቶቹ ይመረጣሉ፣ ካልሆነም ተጎትተው ወደ መካከል ይመጣሉ። ያ «ትርምስ» የሚመስለው ነገር በሚሊሜትር የተለካ ነው። በሾቶች መካከል የሚገቡት ጥቁር ፍሬሞችም ለጌጥ አይደሉም፤ የቀንና የሌሊት፣ የክረምትና የበጋ ሾቶች ተከታትለው ሲመጡ የሚፈጠረውን አለመጣጣም ይደብቃሉ።

ጽሑፎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በማያ ገጹ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በዝግታ ሁለት ጊዜ ለመነበብ የሚበቃ ጊዜ ካልቆየ ባይኖር ይሻላል። «ከእገሌ ፊልም አዘጋጅ» እና «ከእገሌ ፊልም ፕሮዲውሰሮች» የሚሉት ግን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ፊልሙን የሠራውን ሰው ይነግራል፣ ሁለተኛው ምንም ላይነግር ይችላል። ከሐያስያን የተጠቀሰ አንድ ነጠላ ቃል በትልቅ ፊደል ሲወጣ ደግሞ ከፊትና ከኋላው ምን እንደነበረ ጠይቁ። ወፍራሙ የተራኪ ድምፅ ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ከ5,000 በላይ ትሬለሮችን በድምፁ ያስተዋወቀው ዶን ላፎንቴን በ2008 ሲያርፍ ዘመኑ ቀድሞውኑ እየመሸበት ነበር። የእሱን ሥራ አሁን የሚሠሩት የገጸ ባሕርያቱ የተቀጣጠሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ተመልካች ማስታወቂያ እየተነገረው መሆኑን እንዳይሰማው።

አንባቢዎቻችሁ አዘውትረው የሚያነሡት ቅሬታ ትሬለሩ ታሪኩን ይጨርሰዋል የሚል ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ የግድየለሽነት አይደለም፣ ስሌት ነው። በ2000 የወጣው «ካስት አዌይ» ትሬለር ደሴት ላይ ብቻውን የቀረው ሰው ከደሴቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አሳይቷል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ ሲጠየቅ አላፈረም፤ ሰዎች ምን እንደሚያዩ አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ የሚል መከራከሪያ አቀረበ። በ2011 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ክሪስተንፌልድና ጆናታን ሌቪት በሳን ዲዬጎ ባደረጉት ጥናት መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች አጫጭር ልብ ወለዶችን ካልተነገራቸው የበለጠ ወደዱ። ስለዚህ ስቱዲዮዎቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ2015 ግን የ«ተርሚኔተር ጄኒሲስ» ትሬለር የፊልሙን ትልቁን ምሥጢር፣ ጀግናው ማሽን መሆኑን፣ አውጥቶ ሲዘረግፍ ዳይሬክተሩ አለን ቴይለር ራሱ ቅር መሰኘቱን ተናግሯል።

እኔ የምስማማው ከቴይለር ጋር ነው፤ ምክንያቴም ሥነ ምግባር ሳይሆን ሙያ ነው። የሰው ባሕርይ ተመራማሪው ጆርጅ ሎዌንስታይን በ1994 እንዳስረዳው የማወቅ ጉጉት የሚወለደው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ያለው ክፍተት ሲታየን ነው። ምንም የማያውቅ ሰው አይጓጓም፤ ሁሉን ያወቀም አይጓጓም። የትሬለር ኤዲተር ሥራ ክፍተቱን በልክ መክፈት ነው። በተግባር ሲታይ መስመሩ በፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ አካባቢ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ካለው ትዕይንት ሾት መውሰድ ይቻላል፣ መረጃ መውሰድ ግን ያስከፍላል። የሚፈነዳ ሕንፃ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ማን እንዳፈነዳው ማሳየት ሌላ።

«ትሬለሩ ዋሸን» የሚለው ክስ ግን ከዚህ ይለያል፣ መለየትም አለበት። ትሬለሩ ላይ የታየ ሾት ፊልሙ ውስጥ ሳይኖር ሲቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ትሬለሩ ከወጣ በኋላ ፊልሙ ስለተቆረጠ ነው። ሆን ተብሎ የሚደረገው ሌላ ነው። በ2021 የ«ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» ትሬለር ላይ ሁለት ገጸ ባሕርያት ከምስሉ በኮምፒውተር ተሰርዘዋል፤ በአንድ ሾት ላይ ከጠላቶቹ አንዱ ማንም ሳይነካው በጥፊ የተመታ ይመስል ነበር። ይህ ምሥጢር ለመጠበቅ ነውና ተመልካቹ በኋላ ያመሰግናል። የ2023ቱ «ዎንካ» እና የ2024ቱ «ሚን ገርልስ» ግን ሙዚቃዊ ፊልሞች ሆነው ሳለ ትሬለራቸው ዘፈኑን ደበቀ። ዘፈን የማይወድ ሰው ትኬት ገዝቶ ገብቷል። እዚህ ላይ የተደበቀው የፊልሙ ዓይነት ነው፤ በእኔ ሚዛን ይህ ከመስመር ያልፋል።

ሕግም ገብቶበታል። በ2019 በወጣው «የስተርዴይ» ትሬለር ላይ ተዋናይት አና ደ አርማስ ትታያለች፤ ከፊልሙ ግን ተቆርጣ ወጥታለች። ፊልሙን እሷን አያለሁ ብለው እያንዳንዳቸው በ3.99 ዶላር የተከራዩ ሁለት ተመልካቾች ስቱዲዮውን ከሰሱ። ስቱዲዮው ትሬለር ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ነው፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ምስል ማሳየት የቆየ ልማድ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛ ስቲቨን ዊልሰን በታኅሣሥ 2022 ትሬለር ፈጠራ ቢኖርበትም በመሠረቱ ፊልም ለመሸጥ የተሠራ የንግድ ማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል አሉ። ከሳሾቹ በመጨረሻ ባያሸንፉም ብይኑ ያሰመረው መስመር ለሙያው ግልጽ ነው። ዳኛው ጠባብ አድርገው ነው ያዩት፦ አንዲት ተዋናይት ወይም አንድ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ይኖራል ብሎ አስተዋይ ተመልካች የሚጠብቅ ከሆነ። ፊልሙ ከትሬለሩ የቀዘቀዘ መሆኑ አያስከስስም። ዝምታውም፣ ዳገቱም፣ የተቀጠለው ዐረፍተ ነገርም አያስከስሱም።

ስለዚህ ለጥበብ ገጹ አዘጋጆች ጥቂት ጥያቄ አለኝ። ስለ ትሬለር ስትጽፉ ቲዘር ይሁን ሙሉ ትሬለር ለዩት፤ ቲዘር ሲሠራ ፊልሙ ገና በቀረጻ ላይ ሊሆን ይችላልና የፊልሙን መልክ አይናገርም። ከመውጫው ቀን ስንት ወር ቀድሞ እንደወጣ ጻፉ። ሙዚቃው የማን እንደሆነ አጣሩ፤ ካልታወቀ የፊልሙ ነው አትበሉ። ሦስት ጊዜ እዩት፦ አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ አንዴ ድምፁን ዘግታችሁ፣ አንዴ የተናጋሪዎቹን አፍ ብቻ እየተከታተላችሁ። ድምፁ ሲዘጋ ሾቶቹ ብቻቸውን ከያዟችሁ፣ ስለ ፊልሙ ቀረጻ የምትጽፉት ነገር አላችሁ።

ትሬለሩንም ራሱን እንደ ሥራ መዝኑት እንጂ። ከ1999 ጀምሮ ጎልደን ትሬለር አዋርድስ የተባለ የራሱ ሽልማት ያለው ሙያ ነው፤ ሆኖም በትሬለሩ መጨረሻ በጥቃቅን ፊደል ከሚወርደው የስም ዝርዝር ውስጥ የልብስ አዘጋጁም የፊልሙ ኤዲተርም ስም ሲኖር፣ ትሬለሩን የቆረጠው ሰው ስም የለም። ማን እንደቆረጠው ማወቅ ከቻላችሁ ስሙን ጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የፊልም ኤዲተር